ከግማሽ አልወርድ ያለው መስታወት

ጆሮ እያሉ የሚጠሩት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከፖሊስ ጋር ጉዳይ ኖሮት አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፊውዝና ከሽቦ ጋር ሲነታረክ የኖረ፣ ጆሮውን ከብረቱ ላይ ለጥፎ የመኪናን በሽታ የሚናገር ሽማግሌ ነው፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ደውሎ፣ "መኪና በር ውስጥ የሰው ገላ አገኘሁ" ሲል፣ ስልኩን ያነሳው ሳጅን ሳቁን አፍኖ "ምን ያህል ገላ?" ብሎ ጠየቀው።

"የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል" አለ ጆሮ። "አትሳቅ ልጄ። ሰው ላኩልኝ።"

የተላከችው አንዲት ኢንስፔክተር ናት። ዕድሜዋ አርባ አምስትን ተሻግሯል። የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ ስድስት ዓመት ይዛዋለች። ባልደረቦቿ ፊት ለፊት "አለቃ" ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ "ዝጊው"፤ መዝገብ ቶሎ ስለምትዘጋ ነው። ስሙን ታውቀዋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ሙገሳ ነበር የምትወስደው።

ጋራዡ ውስጥ አንዲት ግራጫ የቤት መኪና የሾፌር በሯ ተበርግዶ፣ የበሩ የውስጥ ልባስ ወልቆ ቆማለች። አጠገቧ፣ ዱካ ላይ፣ የመኪናዋ ባለቤት ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ደም የሚባል የለም።

"ጋሽ ጆሮ፣ የታል ያሉት ነገር?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ከነአመጣጡ ልንገርዎት። እኚህ እመቤት መስታወቱ ከግማሽ በታች አልወርድ አለ ብለው መጡ። ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ቁልፉን ፈታሁ፣ ደህና ነው። የሞተሩን ሽቦ በመሞከሪያ አምፖል ነካሁት፣ አምፖሉ ቦግ አለ። የሞተ ሞተር ዝም ይላል፤ ኬብል ሲበጠስ ደግሞ መስታወቱ ዘጭ ብሎ ይወርዳል። ይሄኛው ግን ግማሽ ድረስ መጥቶ ያጉረመርማል። አንድ ነገር ከሥር ይዞታል ማለት ነው።" በባትሪው ወደ በሩ ሆድ አበራ። "ይዩት። እኔ ንክች አላደረግኩትም።"

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ አለች። ከታች፣ የመስታወቱ መሄጃና የበሩ ብረት በሚገናኙበት ጥግ፣ አንዲት ጥቁር ዲጂታል የእጅ ሰዓት ተቀርቅራለች። ማሰሪያዋ ተበጥሷል። መቆለፊያው ብረት ላይ ጠይም፣ ድርቅ ያለ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ነገር ተጣብቋል። ሁለት ነጫጭ ፀጉሮች በቅለውበታል።

"እርስዎ ምንም አልታወቀዎትም ነበር?" አለች ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራ።

"ምን አልታወቀኝም ይላሉ!" ሴትዮዋ እንባዋ መጣ። "ከገዛኋት አራት ወሯ ነው። ሱቄ በር ላይ ነው የማቆማት። በየቀኑ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሲል ትጮሃለች። ሰው የለባት፣ ሞተሯ ጠፍቷል፣ ትጮሃለች! ለባሌ ብነግረው፣ 'ጆሮሽን ታዪ' አለኝ። ለመታየት ሄድኩ እኮ፤ ሐኪሙ ጆሮዬ ደህና ነው አለ። ደህና ነው ሲለኝ ነው የባሰ የፈራሁት።"

አብሯት የመጣው ሳጅን ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በዚያው ቅጽበት ከበሩ ሆድ ውስጥ ድምፅ ወጣ። ጢጥ ጢጥ፣ ጢጥ ጢጥ፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የማይቸኩል። ባዶው ብረት ድምፁን ያስተጋባዋል። ሃያ ሰከንድ ያህል ጮኾ በራሱ ጊዜ ጸጥ አለ።

ኢንስፔክተሯ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስምንት።

ይህን ሰዓት የሆነ ቦታ ጽፋዋለች። በገዛ እጇ።

*

መዝገቡን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ከሰባት ወር በፊት የተከፈተ፣ በሦስተኛው ሳምንት የተዘጋ። የጠፋው ሰው የትምህርት ቤት ደወል መቺ፤ ተማሪዎቹ "አባባ ደወል" ይሉታል። ዕድሜው ስልሳ ሁለት። በጠፋበት ቀን በላዩ የነበረ ዕቃ በሚለው ሥር በእሷ ጽሕፈት፣ "ጥቁር የእጅ ሰዓት፤ ከመልቀቂያው ደወል ሁለት ደቂቃ ቀድሞ የሚጮኽ" ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ "ሦስት ምስክሮች ሥራው እንደሰለቸውና ጥሎ ሊሄድ እንደነበር ተናግረዋል። የግል ቦርሳውም የለም። በገዛ ፈቃዱ ሄዷል። ተዘግቷል።"

ሴት ልጁ ፀጉር ሠሪ ናት። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ እንኳን በየሰኞው ጣቢያ ትመጣ ነበር፤ የሥራ ቀኗ ያልሆነው ሰኞ ስለሆነ። ኢንስፔክተሯም በየሰኞው፣ "ደህና ነው፤ አንድ ቀን ይደውላል" እያለች ትሸኛታለች። ባለፉት ሁለት ወራት ግን ልጅቷ መምጣቷን ትታለች።

ኢንስፔክተሯ ፀጉር ቤቱ ስትደርስ ልጅቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። ኢንስፔክተሯን በመስታወቱ ውስጥ ስታያት እጇ አየር ላይ ቀረ። ሰዓቷ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች።

"እኔ ነኝ የገዛሁለት" አለች ልጅቷ። ከረጢቱን በአንድ ጣቷ ብቻ ነካችው። "ማስጠንቀቂያውንም እኔ ነኝ የሞላሁለት። አጥፍቶ ማብራት አይችልም ነበር። የት ተገኘች?"

"መኪና በር ውስጥ።"

"የማን መኪና?"

"ገና ነው።"

ልጅቷ ወደ ደንበኛዋ ፀጉር ተመለሰች። ይህ ኢንስፔክተሯን ከስድብ በላይ አመማት።

*

መኪናዋን ለልብስ ሰፊዋ የሸጠው የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነው። ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ መቆጣት የሚቀናው ሰው። በመዝገቡ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ ተነስቷል፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰልጣኞቹን ስለሚያለማምድ ከደወል መቺው ጋር አንገት ለአንገት ተናንቀው ነበር።

"ሽማግሌው ማን ነኝ ብሎ ነው የመኪናዬን መስታወት በዱላ የሚመታ?" አለ አሰልጣኙ፣ ገና ሳትጠይቀው። "ተጣልተናል፣ አልክድም። ከዚያ ወዲያ ግን አላየሁትም።"

"በጠፋበት ቀን መኪናዋ የት ነበረች?"

"እኔ ጋ ነበረቻ! የት ትሄዳለች?"

"የሾፌሩ ጎን መስታወት ተቀይሯል። የበሩ ሥር በአሮጌው መስታወት ፍርፋሪ ተሞልቷል።"

"ልጆች በድንጋይ ሰበሩት።"

"ማን ቀየረው?"

"ራሴ ቀየርኩት። ምን ይቸግራል?"

"ድምፅስ አልሰሙም? ከበሩ ውስጥ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኗ ላይ አሸሸ። "ሰልጣኞቹ ነበሩ የሚሉት" አለ ዝቅ ብሎ። "አንዷ ልጅ መሪ እንደያዘች ድምፁ ጮኸና መሪውን ለቃ ቦይ ውስጥ ልትከተን ነበር። በኋላ ማንም አልሰለጥንባትም አለ። ለዚህ ነው የሸጥኳት።"

ሳጅኑ ወጥተው ሳይርቁ፣ "አለቃ፣ ሰውዬው ራሱ ነው። እንያዘው" አለ።

እሷም ሆዷ የሚላት ያንኑ ነበር። ጠብ አለ፣ መኪና አለ፣ ውሸትም አለ። ድሮ ቢሆን እዚያው ትዘጋው ነበር። አሁን ግን እግሯ ወደ ጋራዡ ወሰዳት።

"ራሴ ቀየርኩት አለ?" ጆሮ ከት ብሎ ሳቀ። "ያ ሰውዬ እኮ የፍሬን መብራት አምፖል እንኳን እኔ ጋ ነው የሚያስቀይረው! ካቻቪቴ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። ደግሞም ይዩ ይሄን።"

የበሩን ብረት በጨርቅ ወለወለላት። በእያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳ አጠገብ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ። እያንዳንዱ ቁጥር በጥንቃቄ ተከብቧል።

"መካኒክ ብሎን አይቆጥርም" አለ ጆሮ። "ብሎኑ ራሱ ይነግረዋል። ይሄ ሰው እጁ ጀማሪ ነው፣ መጽሐፍ አይቶ ነው የሠራው። ውኃ የሚከለክለውን ላስቲክም መልሶ የለጠፈው በዚህ ነው።" ከላስቲኩ ጠርዝ ላይ ቁራጭ አንስቶ ሰጣት፤ ቢጫ፣ መሐሉ ላይ ቀይ መስመር ያለው ጠንካራ ተለጣፊ ማሸጊያ። "በዕድሜዬ ይህን ዓይነት ማሸጊያ አይቼ አላውቅም። ሱቅ ውስጥም አይሸጥም።"

"ሌላስ?"

ሽማግሌው ጥቂት አመነታ። የበሩን የውጭ ጎማ አሳያት፤ ተቀድዶ ወደ ውስጥ ታጥፏል። "ሰዓቷ በዚህ ነው የገባችው። እጅ በመስኮቱ ገብቶ ነበር። ከዚያ መስታወቱ ወደ ላይ ወጣበት። ይሄ አሮጌ ሞዴል ነው እመቤቴ፤ የዛሬዎቹ ሲነኩ ይመለሳሉ፣ ይሄ ግን ቁልፉን ካልለቀቁለት የያዘውን አይለቅም።" እጁን በሱሪው ጠረገ። "ከዚያ መኪናዋ ሄደች። መስታወቱ የተሰበረው ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሳብ ነው።"

*

የአሰልጣኙ ውሸት በማግሥቱ ፈረሰ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ጣቢያው ፊርማ እንደሚያሳየው፣ ደወል መቺው በጠፋበት ቀን አሰልጣኙ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰልጣኞቹን በጭነት መኪና ሲያስፈትን ነበር። ግራጫዋ መኪና እሱ ጋ አልነበረችም። ለማን እንደሰጣት ቢጠየቅ ግን ጥርሱን ነክሶ፣ "አላስታውስም" አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ኢንስፔክተሯ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

ክፍለ ጊዜው ገና ስላላለቀ ግቢው ጭር ብሏል። በየክፍሉ መምህር ሲናገር ይሰማል፤ ሰው ግን አይታይም። ደወሉ፣ ከባቡር ሐዲድ የተቆረጠ ብረት፣ ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ነፋስ የለም። ብረቱ ግን በጣም በቀስታ ይዞራል። አጠገቡ ቆማ ስታየው ቆየች፤ ለምን እንደቆመች ግን አላወቀችም።

"አሁን በኤሌክትሪክ ነው የምንደውለው" አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። ደንገጥ ብላ ዞረች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፂሙ ሙልጭ ያለ፣ ለስላሳ ሰው። ያኔም በምርመራው ጊዜ ከማንም በላይ የረዳት እሱ ነበር። "አባባ ደወልን አገኛችሁት እንዴ?"

"ሰዓቱን አገኘን።"

"ሰዓቱን" ብሎ ደገመው። "እግዚኦ። የት?"

"ምርመራ ላይ ነው። ያንን ቀን እንደገና ሊነግሩኝ ይችላሉ?"

"ያው እንዳልኩዎት ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወለ፣ ተማሪ ተለቀቀ። እኛ ወዲያው ስብሰባ ገባን፣ እስከ አሥራ ሁለት። ስንወጣ አልነበረም። መምህራኑ ሁሉ ምስክር ናቸው።"

እውነቱን ነው። በመዝገቡም ሰፍሯል። እስከ ዘጠኝ ተኩል ሰውየው በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መምህራኑ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ነበር ያኔ ከትምህርት ቤቱ ማንንም ያልጠረጠረችው።

የሒሳብ መምህርቷን ያገኘቻት በመምህራን ማረፊያ ነው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው፤ ከሦስቱ ምስክሮች አንዷ።

"ጥሎ ሊሄድ እንደነበር ነግሮናል ብላችሁ ነበር" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ለእኔ? ለእኔማ አልነገረኝም። ከምክትሉ ነው የሰማሁት።"

"ሌላኛው ምስክር፣ ዘበኛውስ?"

"እሱም ከምክትሉ ነው መሰለኝ። ሁላችንም ያው ከእሱ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ሦስት ምስክር ብላ የጻፈችው አንድ አፍ ነበር።

"እማማ፣ የዚያን ቀን ደወሉን ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ እንጂ።" መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። "ግን የእሱ እጅ አልነበረም።"

"እንዴት?"

"አባባ ደወል ሦስት ጊዜ ነው የሚመታው፤ በየመሐሉ ደብተር የሚያስዘጋ ፋታ ይሰጣል። ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ውሻ እንዳባረረው ሰው ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ሰባት ይሁን ስምንት። 'ምን ነካው ሰውዬው' ብዬ ተማሪዎቼ ፊት ሳቅኩ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ሴትዮዋ በመገረም አዩዋት። "ደወሉ ተደውሏል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ተደውሏል አልኩሽ። ማን ደወለው ብለሽ አልጠየቅሽኝም እኮ ልጄ።"

እንግዲህ ሰውየው ከዘጠኝ ተኩል በፊት ጠፍቷል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማን የት እንደነበር የጠየቀ የለም።

ለስንብት ወደ ምክትሉ ቢሮ ጎራ አለች። የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሳምንት ነው። ምክትሉ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩ ወፍራም ፖስታዎችን እያሸገ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ ቁጥሩንም በእርሳስ ይከበዋል። ከዚያ ቢጫ ማሸጊያ ያዞርበታል። መሐሉ ላይ ቀይ መስመር አለው።

ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን እንደምንም አለሳለሰች። "ጠንካራ ማሸጊያ ነው። ከየት ነው የሚገዛው?"

"አይገዛም" አለ ምክትሉ ፈገግ ብሎ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማው። "ከፈተና ክፍል ነው የሚመጣው። የሚቀመጥበት ሣጥን ቁልፍም ያለው እኔ ብቻ ጋ ነው። አንዲት ቁራጭ እንኳን ከዚህ ቢሮ አትወጣም።"

"ጎበዝ። ጥንቁቅ ነዎት።"

"ድሮ የእጅ ሥራ መምህር ነበርኩ። ልማድ ነው።"

*

አሰልጣኙን በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ፊቷ አስቀመጠችው። ብዙ አልጠየቀችውም።

"ምክትል ርዕሰ መምህሩ ምንዎት ነው?"

ያ ሁሉ ቁመት ወንበሩ ላይ ተጨማደደ። "የእህቴ ባል" አለ። "እህቴ አራስ ነበረች፤ ለእሷ ብዬ ነው መኪናዋን ያዋስኩት። ልጆች መስታወት ሰበሩብኝ፣ አታስብ፣ ራሴ አስገባዋለሁ አለኝ። ምን ብዬ ልጠርጥር?" ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። "እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አራስ ልጅ ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ በእግሩ ከኋላችን ነው የመጣው። ያን ቀን ነው የገባኝ። ምን እንደገባኝ ግን ለራሴም አልነገርኩትም።"

*

በማግሥቱ ጠዋት ምክትሉ የቢሮውን በር ራሱ ከፈተላቸው። ሳጅኑን ከኋላዋ ሲያይ ፈገግታው አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ እንጂ። ኢንስፔክተሯ ሁለት ነገር ብቻ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ የማሸጊያውን ቁራጭና የብሎን ቀዳዳዎቹን ፎቶግራፍ።

ምክትሉ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እንደ ተማሪ ወንበሩን ቀረብ አድርጎ ተቀመጠ።

"ልጄ የመልቀቂያ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር" አለ። "አንድ ፖስታ ላወጣ ነበር፤ ገልብጬ፣ አሽጌ ልመልሰው። ማሸጊያውን ይዤ ወጣሁ። የኋለኛው ጎዳና ላይ ማንም አልነበረም፤ ትምህርት ላይ ናቸው። እሱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። 'ይሄ የልጆቹ ነው' ብሎ እጁን በመስኮቱ አስገባና ፖስታውን ያዘው። መስታወቱን ጫንኩት። እጁን እንዲያወጣ ብዬ ነው።"

"አወጣ?"

"አላወጣም።"

"ቁልፉን ለቀቁት?"

ምክትሉ ጣቱን አየ። "አልለቀቅኩትም። ነዳሁ። አሥር እርምጃ አይሞላም። የአጥሩ ማዕዘን ድንጋይ ጋ ስደርስ መስታወቱ ተሰበረ።"

ሳጅኑ መጻፉን ትቶ ቀና አለ። ኢንስፔክተሯ በዓይኗ ጻፍ አለችው።

"ከኋላ ጫንኩት። ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ጮኸ። የእሱ ሰዓት! በየቀኑ ሰምቼዋለሁ። እንደገና ከፍቼ እጁን አየሁ፤ የለም። ኪሱን ዳበስኩ፤ የለም። ሰዓቱ የለም፣ ድምፁ ግን አለ። ያኔ ነው ደወሉ ትዝ ያለኝ። ካልተደወለ ሁሉም ይፈልገዋል። ሁለት ደቂቃ እንዳለኝ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።" ምክትሉ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው። "ሮጬ ሄድኩና ደወልኩ። ከዚያ ስብሰባ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ስለ ንጽሕና ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ግቢው ጥግ ያለው አሮጌ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ከነቦርሳው አስገባሁት፤ በላዩ ላይ የተሰባበረ ወንበር አስከመርኩ። መስታወቱን ስቀይር ሰዓቱን ፈልጌ ነበር፤ እጄ አልደረሰም። አልጠፋልኝም ግን። የትም ልሁን የት፣ በዚያች ደቂቃ ይሰማኛል።"

"ከኋላ ሲጭኑት ሞቶ ነበር?"

ውጭ አንድ ክፍል ተማሪ በአንድ ድምፅ የሆነ ነገር እየደገመ ነበር።

"ሳላጣራ ዘጋሁት" አለ በመጨረሻ።

"ልጅዎስ? ፈተናውን አለፈች?"

"ፖስታውን ሳልከፍተው መለስኩት።" አሁን አለቀሰ። "በራሷ አለፈች።"

*

ወንበሮቹን ለማንሳት እስከ ቀትር ፈጀ። የብረት ክዳኑ ሲነሳ ከሥሩ የወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር፤ ፀሐዩ አናት እየበሳ ጉድጓዱ ግን እንደ ክረምት ይተነፍሳል። መጀመሪያ የታየው ቦርሳው ነው። ኢንስፔክተሯ እስከ መጨረሻው ቆመች። ሐኪሙ አጥንቱን አይቶ ሲነሳ ጠየቀችው፤ ወዲያው ሞቷል ወይ? "ከሰባት ወር በኋላ ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም" አላት።

ወደ ፀጉር ቤቱ ብቻዋን ሄደች። አንዲት ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ መጽሔት ታገላብጣለች። ልጅቷ ወለል እየጠረገች ነበር፤ ስታያት መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈች።

ኢንስፔክተሯ ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻት። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ። ምስክሮቹ ሦስት ሳይሆኑ አንድ እንደነበሩ፣ እሷም እንዳላጣራች ነገረቻት። ልጅቷ ሳታቋርጣት ሰማች። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ፖስታውን አልለቅም አለ?" ብላ ጠየቀች።

"አልለቀቀም።"

"እሱ እንደዚያ ነው።" ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ቀጥ ብላ አየቻት። "ወዲያው ነው የሞተው?"

የኢንስፔክተሯ አፍ ላይ መልስ ተዘጋጅቶ ነበር። "አዎ፣ አልተሰቃየም" ማለት ቀላል ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ለስንቱ ብላዋለች። ልጅቷ የምትፈልገውም ይመስላል። ካስኩ ያጓራል። የምላሷን ጫፍ ነከሰች።

"አላውቅም" አለች። "ሰውየው አላየሁም ብሏል። ሐኪሙም ማወቅ አይቻልም ብሏል። አላውቅም።"

ልጅቷ መጥረጊያውን መልሳ ያዘች።

"ያኔም እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "በየሰኞው ደህና ነው ሲሉኝ እኮ ተናድጄበት ነበር። ከእሱ ጋር ተኳርፌ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስሙን አልጠራሁትም።"

ኢንስፔክተሯ ይቅርታ ልትል ፈልጋ ቃሉ አነሰባት።

ልጅቷ ሽርጧን ፈትታ ሰቀለችው። የካስኩን ክዳን አንስታ ለደንበኛዋ፣ "እትዬ፣ አባቴን ልቀበል መሄዴ ነው። ሲደርቅልዎት በሩን ገርበብ አድርገው ይሂዱ" አለቻት። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።

"በየት በኩል ነው የሚሄደው?" አለች።

"ላሳይሽ" አለች ኢንስፔክተሯ፤ ተያይዘው ወጡ።